የገዛችሁት ዕቃ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ሰው ላቡን አፍስሶ ባገኘው ገንዘብ የገዛው ዕቃ የራሱ ነው። ይህን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም፤ በግ ገዝቶ ከገበያ የሚመለስ ገበሬም፥ ስኒ ገዝታ የምትመለስ ሴትም ያውቁታል። በጉን የሸጠው ሰው ከዓመት በኋላ በሌሊት መጥቶ በረቱን ከፍቶ በጉን ቢወስድ፥ «የሸጥሁልህ በጉን የማየት ፈቃድ እንጂ በጉን አይደለም» ቢል፥ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣበታል። ዳሩ ግን ዛሬ ይህን የመሰለ ንግድ በዓለም ሁሉ በግልጽ ሲካሄድ የሚጮህበት ሰው ጥቂት ነው። የሚሸጠው ዕቃ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው።

ወጣቶች ሆይ፥ አንድ ስድሳ አምስት ዓመት የሞላው ጡረተኛ መምህር ስለ ጨዋታ ሊጽፍ በመነሣቱ አትሣቁበት። እኔም ልጅ ነበርሁ። እኛ በልጅነታችን ገበጣ የተጫወትነው በመሬት ላይ በቆፈርነው ጉድጓድና ከወንዝ በለቀምነው ጠጠር ነበር፤ «ዛሬ ፈቃድህ አልቋል» ብሎ ጉድጓዱን የሚደፍንብን ነጋዴ አልነበረም። ኋላም በመምህርነት ዘመኔ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የትምህርት ቤቱን የኮምፒዩተር ክፍል እንድጠብቅ ታዝዤ ስለ ነበረ፥ የምናገረው ነገር በዓይኔ ያየሁት ነው እንጂ በወሬ የሰማሁት አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. የክበባችን ተማሪዎች ከምሳቸው ገንዘብ እየቀነሱ አጠራቅመው፥ ከተማ መቆርቆርን፥ መንገድና የውሃ ቧንቧ መዘርጋትን የሚያስተምር አንድ ጨዋታ ለመግዛት ፈለጉ። ዋጋው በዶላር ስለ ነበረ እኛ ከዚህ ሆነን መክፈል አልቻልንም፤ በውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በራሱ ካርድ ከፈለልን፥ ልጆቹም ብሩን ለእናቱ አደረሱ። ሁለት ዓመት ያህል በደስታ ተጫወቱበት። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጨዋታው ሲከፈት «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሕፈት ብቻ አወጣ። መስመሩ የተበላሸ መስሎን አንድ ሳምንት ጠበቅን። በኋላ እንደ ተረዳነው ሻጩ ኩባንያ ሰርቨሩን ጨርሶ ዘግቶታል። ጨዋታው ከኮምፒዩተራችን አልጠፋም፤ ሙሉ ሆኖ በዲስኩ ላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን በተከፈተ ቁጥር ከባሕር ማዶ ፈቃድ መጠየቅ ስላለበትና መልስ የሚሰጠው ስለ ሌለ ዝም አለ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «መምህር፥ የከፈልነው ገንዘብ ታዲያ የምን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ያህል ዘመን ያስተማርሁ ሰው መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

መልሴም ይህ ነው፤ ያለ ሌላ ሰው ፈቃድ ልትከፍቱት የማትችሉት ነገር የእናንተ አይደለም፤ የእናንተ የሆነውንም ነገር በሚገባ ካላስቀመጣችሁት የእናንተ ሆኖ አይቆይም። የፊተኛው የሻጮች በደል ነው፤ የኋለኛው ግን የራሳችን ስንፍና ነው። ስለ ሁለቱም ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በደሉ እንነጋገር። ዲ.አር.ኤም. ተብሎ የሚጠራው ነገር ሻጩ በሸጠው ጨዋታ ውስጥ የሚያኖረው የተሸሸገ ቁልፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቁልፍ ጨዋታው በተነሣ ቁጥር ወይም በተወሰነ ቀን አንድ ጊዜ፥ በኢንተርኔት በኩል ወደ ሻጩ ሰርቨር እየላከ «ይህ ሰው ይክፈት ወይስ አይክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጮች ምክንያታቸውን ሲሰጡ ሌባን ለመከላከል ነው ይላሉ። ሌባን መከላከል መልካም ነው። ነገር ግን ቁልፉን ሰብሮ የወሰደው ሌባ ማንንም ሳይጠይቅ ሲጫወት፥ ገንዘቡን የከፈለው ታማኝ ሰው ሰርቨሩ የተዘጋ ዕለት ከደጅ ይቀራል። ሌባው በውስጥ አድሮ ባለቤቱ በውጭ የሚያድርበት በር ምን ዓይነት በር ነው?

በአገራችንም የዚህን ነገር ጣጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፥ በየጊዜው ፈቃድ የሚጠይቅ ጨዋታ የገዛ ሰው ኮምፒዩተርም መብራትም እያለው ዕቃውን ሊከፍት አይችልም ነበር፤ ያለ ቁልፍ የተሸጠ ጨዋታ የያዘ ሰው ግን መስመሩ መኖሩንም አለመኖሩንም አይጠይቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን ስለ ጌጥ ብቻ አልተናገሩም።

«ይህ በአንተ ክበብ ብቻ የደረሰ ትንሽ ነገር ነው» የሚለኝ ሰው ቢኖር፥ ዓለም ያወቃቸውን ሁለት ነገሮች ልጥቀስለት። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009፥ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» የተባለ መጽሐፍ ኪንድል በሚባለው የንባብ መሣሪያ ለገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን መልሶ፥ መጽሐፉን ግን ሳያስፈቅዳቸው ከመሣሪያቸው ውስጥ አጠፋው። መጽሐፉን ለኩባንያው ያቀረበው ነጋዴ የመሸጥ መብት ስላልነበረው ኩባንያው ምክንያት አላጣም፤ በኋላም አለቃው ጄፍ ቤዞስ ይቅርታ ጠይቋል። ዳሩ ግን መጽሐፉ በወረቀት የታተመ ቢሆን ኖሮ፥ ሻጩ በሌሊት ወደ ሰዎች ቤት ገብቶ ከመደርደሪያቸው ላይ ሊያነሣው አይደፍርም ነበር። የአንባቢዎቹ ቤት ቁልፍ በሻጩ ኪስ ውስጥ እንደ ነበረ ያን ዕለት ታወቀ። መጽሐፉም የቀድሞውን ጽሑፍ እየደመሰሰ ስለሚገዛ መንግሥት የሚናገር መሆኑ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ነው። ይህን ጨዋታ ብቻውን የሚጫወት ሰው ስንኳ ከሰርቨር ጋር ሳይገናኝ ሊከፍተው አይችልም ነበር። ኩባንያው በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋ፤ ከዚያም በገዢዎቹ መዝገብ ላይ የነበረውን ፈቃድ ሳይቀር አነሣ። ሁለት ተጫዋቾች በካሊፎርንያ በከሰሱት ጊዜም፥ የገዙት የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው እንጂ ባለቤትነት አይደለም ሲል ተከራከረ። በዚያው ዓመት ሮስ ስኮት የተባለ ሰው ጨዋታዎችን መግደል ይቁም የሚል እንቅስቃሴ አስነሣ፤ በእንቅስቃሴውም ስም ለአውሮፓ ኅብረት የተዘጋጀው የዜጎች አቤቱታ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ የመኪና ጨዋታ ብሎ አይፈርምም፤ የፈረመው የገዛው ነገር የራሱ እንዲሆን ነው።

የካሊፎርንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያጸናው ሕግም አለ። ይህ ሕግ ፈቃድን ብቻ የሚሰጥ ሻጭ፥ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ ሳይነግር «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ፈቃድ መሸጥን አልከለከለም፤ የከለከለው ማታለያ የሆነውን ቃል ነው። ገዢው አውርዶ በራሱ ዕቃ ላይ ካኖረ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ለዘወትር ሊጠቀምበት የሚችለውን ነገር ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጎታል። እንግዲህ በሽያጭና በኪራይ መካከል ያለውን ድንበር እኔ የፈጠርሁት አይደለም፤ ሕግ ራሱ አስምሮታል።

«ሻጩ ቢተወውም ሌላ ሰው ያስቀምጠዋል» የምትሉ እንደ ሆነ፥ ይህም ተስፋ ቀጭን ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፥ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች ውስጥ ከመቶው 87ቱ በገበያ እንደማይገኙ አስታውቋል። ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡትን ጨዋታዎች በሩቅ ላሉ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት እንዲያሳዩ ይፈቀድላቸው ተብሎ በቀረበ ጊዜም፥ የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2024 ጥያቄውን አልተቀበለም። ሻጩ አይሸጥም፤ ቤተ መጻሕፍቱ አያውስም፤ ታዲያ ማን ይጠብቀው? በትክክል የገዛው ሰው ካልጠበቀው ሌላ ጠባቂ የለውም።

ሻጮች ሁሉ ክፉዎች ናቸው አላልሁም። በፖላንድ አገር ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው ጎግ የሚባል መደብር፥ ከመጀመሪያው አንሥቶ ጨዋታን ያለ ቁልፍ መሸጥን ሥራው አድርጎ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው ኢች የሚባለው መደብርም የትንንሽ ሠሪዎችን ሥራ ይሸጣል፤ በዚያ ከሚገኙት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ዚፕ በሚባል የታሸገ ፋይል ብቻ የሚሰጡ ስለ ሆነ፥ ሰው ፈትቶ በፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ይጫወታቸዋል፤ መጫን የሚባል ነገር ስንኳ የላቸውም። በስቲም መደብርም ቢሆን ሠሪዎቻቸው ቁልፍ ያላደረጉባቸው ጨዋታዎች ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ፎልደራቸው ተቀድቶ ያለ ስቲም ይነሣሉ። አይድ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን «ዱም» የተባለ ጨዋታ የፕሮግራም ጽሑፍ በ1997 ለሁሉ ገልጦ ስለ ሰጠ፥ ሠሪው ባላሰባቸው አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳይቀር ጨዋታው እስከ ዛሬ ይነሣል። እንግዲህ ቅን ንግድ ሊሠራ የማይቻል ነገር አይደለም። ምርጫው ባለበት ቦታ የታሰረውን ዕቃ የምንገዛ ከሆነ ግን ማሰሪያውን በገንዘባችን እያጠበቅነው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ስንፍና ልመለስ። ያለ ቁልፍ የተሸጠ ጨዋታ መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ትገዙታላችሁ፥ በመደብሩ ዝርዝር ላይ ስሙን ታያላችሁ፥ «አለኝ» ብላችሁም ትተኛላችሁ። በሌላ ሰው ጎተራ ያለ እህል ግን አለኝ አይባልም። ጎግ ራሱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 በድንገት ገጹን ዘግቶ የሚያሰናብት ማስታወቂያ ለጠፈ። ደንበኞቹ ተሸበሩ፤ የገዙትን ነገር ገና ያላወረዱት ሁሉ ጠፋብን ብለው ጮኹ። ከጥቂት ቀን በኋላ ነገሩ አዲሱን ገጽ ለማስተዋወቅ የተደረገ ቀልድ መሆኑ ታወቀና መደብሩ ይቅርታ ጠየቀ። ቀልዱ መጥፎ ቀልድ ነበር፤ ትምህርቱ ግን መልካም ነው። በዚያ ቀን ያልደነገጠ ሰው ቢኖር አስቀድሞ አውርዶ በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀመጠው ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ መደብር ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ጩኸት ምንም አይመልስም።

የማውረድም ነገር ቢሆን ጥበብ ይፈልጋል፤ ይህንም በራሴ ስሕተት ተማርሁ። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ አገር መምህር የዓለምን ካርታ የሚያስተምር ጨዋታ በሲዲ ሰጥቶኝ ነበር። ጨዋታው ምንም ቁልፍ አልነበረውም። ሲዲውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሃያ ዓመት ጠበቅሁት። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች በመጡልን ጊዜ በኩራት አውጥቼ አስገባሁት፤ ሴትአፕ የምንለው የመጫኛ ፋይል ግን በዚህ ኮምፒዩተር ላይ አልሠራም ብሎ እንቢ አለ። ጨዋታው ሞተ ብዬ አዘንሁ። ያን ጊዜ በኮምፒዩተር ጥገና የሚተዳደር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መጥቶ «ጋሼ፥ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይጣል በፊት በውስጡ የነበረውን ፎልደር ሁሉ ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ» አለኝ። ፎልደሩን ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ገልብጦ ሲከፍተው፥ ጨዋታው ያለ ምንም መጫን ተነሣ።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፤ በዚያ ዘመን ብዙ ጨዋታዎች በ32 ቢት ሲሠሩ፥ ሴትአፓቸው ግን ገና የቀድሞው የ16 ቢት ሥራ ነበር። የዛሬው የ64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢቱን ፕሮግራም ያስነሣል፥ የ16 ቢቱን ግን ከቶ አያስነሣም። ስለዚህ ቤቱ ደኅና ቆሞ ሳለ የሞተው በረኛው ነበር ማለት ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በረኛውን በጨርቅ ጠቅልዬ ስጠብቅ፥ ቤቱን የጠበቀው ተማሪዬ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለእናንተ የምመክረው ሥርዓት የሚከተለው ነው። አንደኛ፥ ጨዋታውን በገዛችሁበት ሳምንት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ሴትአፕ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ነገ እያላችሁ አታቆዩት። ሁለተኛ፥ በሴትአፑ ብቻ አትታመኑ፤ በኮምፒዩተራችሁ ላይ ጫኑትና ጨዋታው የተቀመጠበትን ፎልደር በሙሉ ቅዱ። ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል ቀድቶ ጨዋታውን ቀዳሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ እርስዋ አድራሻ ናት እንጂ ቤት አይደለችም። ከጎግ የሚወርደውን ሴትአፕ ሳያስነሡ ፈትቶ ፋይሎቹን የሚያወጣ ኢኖኤክስትራክት የሚባል ነጻ መሣሪያም አለ።

ሦስተኛ፥ ከፎልደሩ ውጭ የሚቀረውን አስቡ። እስከ የት እንደ ደረሳችሁ የሚመዘግበው ፋይል ብዙ ጊዜ በዶክዩመንትስ ወይም በአፕዳታ ፎልደር ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ጨዋታው የሚፈልጋቸው እንደ ዳይሬክት ኤክስና እንደ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ያሉ ረዳት ፕሮግራሞችም አሉ፤ የእነርሱንም ሴትአፕ ከጎኑ አኑሩ። አንዳንድ ጨዋታ ደግሞ ሬጂስትሪ በሚባለው በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ያለዚያም መስመር የማይነሣ እንደ ሆነ መስመሩን አውጥታችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

አራተኛ፥ ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ፎልደሩን ጨዋታው ተጭኖበት ወደማያውቅ ኮምፒዩተር ውሰዱ፤ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፤ ከዚያ ክፈቱትና ቢያንስ እስከ መጀመሪያው ማስቀመጫ ቦታ ድረስ ተጫወቱ። ተነሥቶ የተጫወታችሁበት እንደ ሆነ የእናንተ ነው፤ ፈቃድ የጠየቀ እንደ ሆነ ግን የገዛችሁት የመሰላችሁን ነገር ተከራይታችሁታል ማለት ነው፤ ይህንንም ከመቅረቱ መዘግየቱ ይሻላልና አሁኑኑ ማወቅ መልካም ነው።

አምስተኛ፥ የፋይሎቹን ሃሽ መዝግቡ። ሃሽ ማለት ኮምፒዩተር ፋይሉን በሙሉ አንብቦ የሚያወጣው ማኅተም ነው፤ ሻ 256 በሚባለው ስልት ማኅተሙ 64 ፊደልና አኃዝ ይሆናል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማኅተሙ ሁሉ ይለወጣል። ከዓመት በኋላ እንደገና ብታወጡትና ከቀድሞው ጋር ቢስማማ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ባይስማማ ከሌላው ቅጂ ተኩት። የጨዋታውን ስም፥ ስንተኛ እትም እንደ ሆነ፥ የተቀዳበትን ቀንና በየትኛው ዊንዶውስ እንደ ተፈተነ ግን በወረቀት ጻፉት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስድስተኛ፥ ቅጂው ሦስት ይሁን፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ ደግሞ ከቤታችሁ ውጭ ይደር። ፍላሽ ለመላላኪያ እንጂ ለማስቀመጫ አይበጅም፤ ለብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ የቆየ እንደ ሆነ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን የሚሽከረከር ዕቃ ነውና አንድ ቀን ይቆማል። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክም ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል እንደማይቀበል እወቁ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ አንድ ቅጂ ያለውም ሰው እንደዚሁ ነው።

ሦስት ቅጂ ማለቴን አብዝተሃል የሚለኝ ካለ፥ የተማርሁበትን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ላስታውሰው። መጻሕፍቱ ሁሉ በአንድ ክፍል ነበሩ፤ ክፍሉም አንድ በር፥ በሩም አንድ ቁልፍ ነበረው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ትምህርት ቤቱ በመንግሥት እጅ ገባ፤ መምህራኑ ሄዱ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ የክፍሉ መጻሕፍት ተበታትነው አንዱም የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ በእጄ ያለው፥ አንድ መምህራችን በግድ በደብተራችን ያስገለበጠን የመዝሙርና የታሪክ ጽሑፍ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጣታችን እየደከመ አጉረምርመን ነበር። ዛሬ ግን አመሰግነዋለሁ።

የአገራችን የጥንት ጸሐፊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ነው፤ ጄምስ ብሩስ የተባለው መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪያመጣ ድረስ በዚያ ሙሉው ጠፍቶ ነበር። በእኛ ዘንድ የዳነው በአንድ ሣጥን ስለ ተቆለፈ አይደለም፤ በየገዳሙ ጸሐፊ ከጸሐፊ ስለ ገለበጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ ቅጂውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አገር ጭምር አስቀመጠ። ጨዋታን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም። የማስቀመጥ ሕግ ግን ለብራናውም ለፋይሉም አንድ ነው፤ የተባዛ ይቆያል፥ ብቻውን የቀረ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ይቃወሙኛል። አንደኛው የእኔ ዕድሜ ባልንጀራ ነው። «ጨዋታ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው የሚጠበቀው? ይልቅስ ልጆቹ ይማሩ» ይላል። ወዳጄ ሆይ፥ የልጆች መማር የምትወደው ነገር ከሆነ፥ የመጀመሪያው ትምህርት የገዙትን ነገር መጠበቅ ነው። በጨዋታ ፈቃድ የለመደ ልጅ ነገ መጽሐፉንም፥ የሥራ መሣሪያውንም፥ ፎቶግራፉንም በሌላ ሰው ቁልፍ ሥር አኑሮ ዝም ይላል። ደግሞም ጨዋታ የሰው እጅና አሳብ ሥራ ነው፤ ሙዚቃው፥ ሥዕሉ፥ ታሪኩ የብዙ ሰው ድካም ነው። ባንወደውም ሊጠፋ አይገባውም።

ሁለተኛው ተቃዋሚዬ ደጋፊዬ መስሎ የሚመጣው ነው። «እውነትህን ነው፤ እንግዲያስ ጨዋታ ሁሉ ያለ ገንዘብ ይቀዳ፥ በፍላሽ ይሸጥ» ይላል። ይህን ሰው ከሻጩ ይልቅ እፈራዋለሁ። ለራሴ የገዛሁትን እህል በሦስት ጎተራ ባኖር ጠንቃቃ ነኝ፤ የጎረቤቴን እህል በሦስት ጎተራ ባኖር ግን ሦስት ጊዜ ሌባ ነኝ። ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ሠሪ በእኛ ታማኝነት አምኖ በሩን ክፍት ትቶታል። የእርሱን ጨዋታ በየኮምፒዩተር ቤቱ የሚቸረችር ሰው፥ ሌሎቹ ሻጮች ቁልፋቸውን ለማጥበቅ የሚያቀርቡትን ምክንያት በነጻ እየሰጣቸው ነው። ቅጂያችሁን ለራሳችሁ ጠብቁ፤ ወዳጃችሁ የወደደው እንደ ሆነ ከየት እንደሚገዛው ንገሩት።

ወጣቶች ሆይ፥ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ይህ ሻጭ ነገ ቢሞት፥ ይህ ዕቃ በእኔ እጅ ይነሣልን?» መልሱ አይነሣም የሆነ እንደ ሆነ፥ ወይ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አኑሩ፥ ወይ ኪራይ መሆኑን አውቃችሁ የኪራይ ዋጋ ብቻ ክፈሉ። ይነሣል የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ቅዱት፥ ፈትኑት፥ በሦስት ቦታ አኑሩት። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።

ያች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዛሬ አድጋ ራስዋን ችላለች። ይህን ጽሑፍ ምናልባት ታነበው ይሆናል። የጠየቀችኝን አልረሳሁትም፤ ልጄ፥ ያን ጊዜ የከፈላችሁት የኪራይ ገንዘብ ነበር፤ ኪራይ መሆኑን ግን የነገረን ሰው አልነበረም። እኔም መምህራችሁ ነበርሁና አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።